ከተሞች ስለ መሣሪያ ሕግ ከግዛታቸው መንግሥት ጋራ በፍርድ ቤት ስለ መከራከራቸው

ሰው ከሰው ጋራ ሲጣላ ወደ ዳኛ ይሄድ ዘንድ ሕግ ያዝዛል። ሹም ከሹም ጋራ፥ ታናሽ ሥልጣን ከታላቅ ሥልጣን ጋራ በአሳብ ሲለያይ ግን ወዴት ይሄዳል? በብዙ አገርና በብዙ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ ከሁለት አንዱ ነበረ፤ ወይም ታናሹ ቅሬታውን በሆዱ ይዞ ይታዘዛል፥ ወይም ያምፃል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ታናሹ ታላቁን በአደባባይ ከስሶ፥ በዳኛ ፊት ቆሞ፥ ቢፈረድለትም ቢፈረድበትም ፍርዱን ተቀብሎ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይልቅ አድካሚ ነው፤ ኪሣራም አለበት። ነገር ግን ሰላምን ከእውነት ጋራ የሚያስታርቅ እርሱ ብቻ ነው።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥ ብዙ ምሳሌ ይገኛል። በዚያ አገር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፥ ከተሞችና አውራጃዎች ሽጕጥን በልብስ ውስጥ ሸሽጎ ስለ መታጠቅ የወጣውን ሕግ እየተቃወሙ፥ ያወጣውን የገዛ ግዛታቸውን መንግሥት በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ኖረዋል። ክርክሩ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ቢሆንም ሕግ ለሚያወጣ፥ ሕግ ለሚያስፈጽምና ስለ አገር ሰላም ለሚጸልይ ሁሉ የሚሆን ትምህርት ስላለበት መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የአገሩን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ 50 ግዛቶች ያሉበት አገር ነው። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት ስለ ማዕከላዊው መንግሥትና ስለ ግዛቶቹ ሥልጣን ይናገራል፤ የከተማን ሥልጣን ግን አያነሣም። ስለዚህ ከተማ በገዛ ቤቱ ምን ሥልጣን አለው የሚለው ጥያቄ ለዳኞች ቀረ። በ1868 በአይዋ ግዛት ዳኛ የነበረው ጆን ዲሎን ከተማ ሥልጣኑን ሁሉ ከግዛቱ ሕግ አውጭ ምክር ቤት የተቀበለ ነው፥ ከተሰጠውም በቀር ሌላ የለውም ብሎ ፈረደ። በ1907ም የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፒትስበርግን ከተማ ነገር አይቶ፥ ግዛት ከተማን ሊያሰፋ፥ ሊያጠብ፥ ከሌላውም ጋራ ሊያዋሕድ ይችላል ሲል አጸና። እንግዲህ በዚህ አሳብ ከተማ ለግዛቱ እንደ ልጅ እንኳ አይደለም፤ እንደ መልእክተኛ ነው እንጂ። መልእክተኛም የላከውን ሊከስ አይችልም።

ነገር ግን ከተሞች እያደጉ፥ ሕዝባቸውም እየበዛ ሲሄድ ይህ ጥብቅ ሥርዓት የማይበቃ ሆነ። ስለዚህ ከግዛቶቹ ብዙዎቹ በየሕገ መንግሥታቸው ለከተማ ራስን የማስተዳደር መብት ሰጡ። ኦሃዮ የሚባለው ግዛት በ1912 ሕገ መንግሥቱን ሲያሻሽል፥ ከተሞች የአካባቢያቸውን ጸጥታ የሚመለከት ደንብ ለማውጣት ይችላሉ፥ ይህም ደንብ ከግዛቱ ጠቅላላ ሕግ ጋራ የማይጋጭ ይሁን ብሎ ጻፈ። ክርክሩ ሁሉ የተወለደው በዚህ በመጨረሻው ቃል ውስጥ ነው። ጠቅላላ ሕግ ማለት ምን ማለት ነው? መጋጨትስ ምን ማለት ነው? የሚለው ለጠበቆች ብዙ እንጀራ፥ ለዳኞችም ብዙ ድካም አመጣ።

የመሣሪያውም ነገር ታሪክ አለው። ዛሬ ብዙ ሰው አሜሪካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉ እንደ ወደደ መሣሪያ የሚታጠቅበት አገር ነበረ ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ከዚህ ይለያል። ኬንታኪና ሉዊዚያና የሚባሉት ግዛቶች ገና በ1813 መሣሪያን ሸሽጎ መያዝን በሕግ ከለከሉ። የዚያን ዘመን ሰዎች አሳብ፥ በግልጥ የታጠቀ ሰው ይታያልና ሰው ይጠነቀቀዋል፤ የሸሸገ ግን ክፉ አስቦ ነው የሚል ነበረ። የከብት ነጂዎችና የማዕድን ቈፋሪዎች አገር በሆነው በምዕራቡ ክፍል እንኳ ከተሞች የራሳቸው ደንብ ነበራቸው። ቱምስቶን የምትባለው የአሪዞና ከተማ በ1881 ባወጣችው ደንብ፥ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው መሣሪያውን በአደራ እንዲያስቀምጥ ታዝዝ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የሆነውና በዓለም ሁሉ የተወራው የተኩስ ጠብ የተነሣውም ይህን ደንብ ለማስከበር በሄዱ ሹማምንትና መሣሪያችንን አናስረክብም ባሉ ሰዎች መካከል ነው። ስለዚህ ከተማ የመሣሪያን ነገር በደንብ መወሰኑ በዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሆነው ግዛት ከከተማ እጅ ይህን ሥልጣን መውሰዱ ነው።

ይህም ለውጥ በጣም የታወቀው ከ1987 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት ፍሎሪዳ ሁለት ነገር በሕግ ወሰነ። አንደኛው፥ በሕግ የተጻፈውን ሁሉ ላሟላ ሰው ሽጕጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ ይሰጠው፥ ሹሙ እንደ ፈቃዱ ሊከለክለው አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ስለ መሣሪያ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የግዛቱ ብቻ ነው፥ ከተማና አውራጃ እጁን አያግባ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹ ግዛቶች አንድ በአንድ ተከተሉ። በ2022ም የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ ነገር ሲፈርድ፥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ልዩ ምክንያት አምጣ ተብሎ ሊገደድ አይገባም አለ፤ ሆኖም እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ፍርድ ቤት ባሉ ስፍራዎች መሣሪያን መከልከል የተፈቀደ መሆኑን አልካደም። ዛሬ ከግዛቶቹ ከግማሽ የሚበልጡት ሽጕጥ ሸሽጎ ለመታጠቅ ፈቃድ እንኳ አይጠይቁም።

ከክርክሮቹ ሁሉ ይልቅ ለካህናትም ለሹማምንትም ትምህርት የሚሆነው በሚኒሶታ ግዛት የሆነው ነው። በዚያ ግዛት ቀድሞ ፈቃድ የሚሰጠው የፖሊስ ሹም የጠያቂውን ጠባይና ችግር መርምሮ፥ እንደ መሰለው ይሰጥ ወይም ይከለክል ነበር። በ2003 የወጣው ሕግ ይህን ሻረ፤ 21 ዓመት የሞላው፥ ትምህርቱን የተማረና ወንጀል የሌለበት ሰው ከጠየቀ ሸሪፍ የሚባለው የአውራጃው ፖሊስ ሹም ይስጠው አለ። ሕጉ የወጣበት መንገድ ግን የሚያስገርም ነበረ። ሕጉ ብቻውን ቀርቦ አልተመከረበትም፤ ስለ ተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር በሚናገር በሌላ ሕግ ጀርባ ላይ ተጭኖ አለፈ እንጂ። ደንንና ውሃን የሚመለከት ሕግ ሽጕጥን አዝሎ ወጣ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ከሰሱ፤ የሚኒያፖሊስ ከተማም ከእነርሱ ጋራ በክሱ ገባች። አብያተ ክርስቲያናቱ የጸሎት ቤታችንን ደጅ የምንጠብቅበትን ቃል መንግሥት ሊጽፍልን አይገባም አሉ፤ ሕጉ መሣሪያ አይግባብኝ የሚል ሁሉ በሕግ በተወሰነ ቃልና በተወሰነ ምልክት እንዲያስታውቅ ያስገድድ ነበርና። ከተማዪቱም በበኩልዋ በገዛ አዳራሾችዋና በገዛ ሕንጻዎችዋ ውስጥ መሣሪያ እንዳይገባ ለመከልከል ፈለገች። የሚኒሶታ ሕገ መንግሥት አንድ ሕግ ከአንድ ነገር በላይ አይያዝ፥ የያዘውም ነገር በአርእስቱ ይገለጥ ይላል። በ2004 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት፥ በ2005ም ሚያዝያ ወር የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፥ ይህ ሕግ የዚህን ቃል ድንበር አፍርሷል ብለው ሻሩት።

እንግዲህ ምን ሆነ? ሕግ አውጭዎቹ በፍርዱ ላይ አላመፁም። በማግስቱ ወር፥ በግንቦት 2005፥ ያንኑ ሕግ ለብቻው አቅርበው፥ በራሱ ስም ጠርተው፥ በግልጥ መክረው እንደ ገና አወጡት። ከሳሾቹ ይህን ያህል ደክመው ምን አተረፉ? የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ፥ ትርፉ ብዙ ነው የሚል ነው። አንደኛ፥ ሕዝቡ የሚተዳደርበትን ሕግ ፊቱን አይቶ ዐወቀው፤ የወደደውም የጠላውም እንደራሴ በስሙ ቆሞ ድምፁን ሰጠ። ሁለተኛ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ ሁለተኛ ከስሰው፥ በ2008 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የግዛቱ ሕገ መንግሥት ያጸናውን የኅሊና ነጻነት ጠቅሶ ፈረደላቸው፤ መሣሪያ በጸሎት ቤታቸውና በመኪና ማቆሚያቸው እንዳይገባ እንደ እምነታቸው ሥርዓት ሊከለክሉ ቻሉ። በሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተሰደው፥ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ይኖራሉ። ጫማውን አውልቆ ወደ መቅደስ የሚገባ ምእመን ከጎኑ የቆመው ሰው በካፖርቱ ውስጥ ምን እንደ ያዘ የሚያስብበት ምክንያት እንዳይኖር ይህ ፍርድ ለእነርሱም የሚጠቅም ነው። የኅሊና ነጻነት ግን ለከተማ ምክር ቤት የሚነገር ስላልሆነ፥ ያ በር ለሚኒያፖሊስ ከተማ የሚከፈት አልነበረም።

በኦሃዮ የሆነው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በ2004 ግዛቱ ሽጕጥ ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድን በሕግ ሲያቆም፥ ክላይድ የምትባል አንዲት ታናሽ ከተማ በመናፈሻዎችዋ ውስጥ ባለ ፈቃድ እንኳ ቢሆን ሽጕጥ ይዞ እንዳይገባ ደንብ አወጣች። ሕፃናት የሚጫወቱበት ስፍራ ነውና ምክንያትዋ ግልጥ ነው። የባለ መሣሪያዎች ማኅበር ከሰሳት። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለከተማዪቱ ፈረደ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ገለበጠው፤ በ2008ም የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ዳኞች ከ3 ዳኞች በልጠው የግዛቱ ሕግ ጠቅላላ ሕግ ነው፥ የከተማዪቱ ደንብ ከእርሱ ጋራ ይጋጫልና ፈርሷል ሲሉ ፈረዱ። ከሰባት ዳኞች ሦስቱ በሌላ ወገን መቆማቸው ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ያሳያል።

በዚህ መካከል የግዛቱ ምክር ቤት በ2006 ሌላ ሕግ ጨመረ። የዚያን ጊዜው ገዥ ቦብ ታፍት አልቀበልም ብሎ ቢመልሰውም፥ ምክር ቤቱ በብዙ ድምፅ አጸናው። ይህ ሕግ ስለ መሣሪያ መያዝና መሸከም በግዛቱ ሁሉ አንድ ሕግ ይሁን፥ በከተማ ደንብ የተበደለም ሰው ከስሶ ቢረታ ከተማው የጠበቃውን ኪሣራ ይክፈል ይላል። የራስዋ ብዙ ደንቦች የነበሩዋት ታላቂቱ የክሊቭላንድ ከተማ ግዛቱን ከሰሰች። በ2009 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በ2010 ታኅሣሥ መጨረሻ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ገልብጦ የግዛቱን ሕግ አጸና።  የፊላዴልፊያም ከተማ እንዲሁ የፔንሲልቫኒያን ግዛት በ2020 ከስሳ በ2024 ኅዳር ወር በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች።

ሚዙሪ የሚባለው ግዛት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። በ1999 የግዛቱ ሕዝብ ሽጕጥ ሸሽጎ መያዝ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ ተብሎ ተጠይቆ በድምፅ ብልጫ አይፈቀድ ብሎ ነበር። በ2003 ምክር ቤቱ የገዥውን ተቃውሞ ሽሮ ፈቀደ። ነገሩ በክስ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2004 ሲፈርድ፥ ሕጉ በራሱ የጸና ነው አለ፤ ነገር ግን የግዛቱ ሕገ መንግሥት አዲስ ሥራ በአውራጃዎች ላይ የሚጭን ሕግ ገንዘቡንም አብሮ ይስጥ ስለሚል፥ ወጪያቸውን ባስረዱ በ4 አውራጃዎች ሕጉን ማስፈጸም አይገባም ሲል ወሰነ። ይህ ፍርድ ለአስተዳዳሪ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ትእዛዝ ከላይ ሲወርድ የሚፈጽመው ታች ያለው ነው። የቀለሙ ዋጋ በታላቁ መዝገብ፥ የሥራው ዋጋ ግን በታናሹ መዝገብ ይጻፋል። ስንቅ የሌለው ትእዛዝ ወይ መንገድ ላይ ይቀራል፥ ወይ የባላገሩን ቤት ይበላል።

አሁን የሁለቱን ወገን ነገር በሚዛን ማስቀመጥ ይገባል። የግዛቱ ወገን የሚለው እንዲህ ነው። በኦሃዮ ብቻ ከ900 የሚበልጡ ከተሞችና መንደሮች አሉ። አንድ ሰው ፈቃዱን በኪሱ፥ ሽጕጡን በወገቡ ይዞ ከክሊቭላንድ ወደ ሲንሲናቲ ሲሄድ የብዙ ከተማ ድንበር ያልፋል። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ደንብ ካለው፥ ይህ ሰው በአንዱ ድንበር ጻድቅ፥ በሚቀጥለው ድንበር ወንጀለኛ ይሆናል፤ ወንጀለኛ መሆኑንም አያውቅም። ሰው ሊያውቀው የማይችለው ሕግ ወጥመድ ነው እንጂ ሕግ አይባልም። ደግሞም የከተማን ደንብ አንብቦ የሚያከብር ያው ፈቃድ ያወጣው ሰላማዊ ሰው ነው፤ ሌባና ወንበዴ ደንብ አያነብም። ይህ ነገር እውነት አለበት፤ በችላታ ሊታለፍም አይገባም።

የከተማው ወገን ደግሞ እንዲህ ይላል። ሰው ከሰው ርቆ በሚኖርበት በሜዳ አገር ፖሊስ ቢጠራ ቶሎ አይደርስም፤ ያ ገበሬ ሽጕጥ ልያዝ ቢል ምክንያት አለው። ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት በከተማ ግን የሳተች ጥይት ሁሉ የሚቀበላት ሰው አታጣም። ለሜዳ የተቈረጠ ልብስ ለከተማ አይሆንም። ሕጉን ያወጡት እንደራሴዎች ከብዙ አውራጃ ተሰብስበው የመጡ ናቸው፤ ሰው በተገደለ ጊዜ ግን በሌሊት የሚጠራው የከተማው ከንቲባ ነው፤ እናቲቱን የሚያጽናናት፥ በቀብሩም የሚቆመው እርሱ ነው። ኀላፊነቱን የተሸከመ ሥልጣኑን መነፈግ የለበትም። ይህም ነገር እውነት አለበት።

ሁለቱም እውነት ከያዙ ፍርዱ ወዴት ይዘንብል? መለየት የሚገባው ነገር አለ። ከተማ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ገዥነቱ ነው፤ በዚህ መልኩ በመንገድና በአደባባይ ለሚሄደው ሁሉ ሕግ ያወጣል። ሁለተኛው ባለቤትነቱ ነው፤ በዚህ መልኩ አዳራሽ፥ መጻሕፍት ቤት፥ መናፈሻና የሕፃናት መጫወቻ አለው። በመጀመሪያው መልኩ የግዛቱ ክርክር ይበረታል፤ መንገድ የሁሉ ነውና የመንገድ ሕግ አንድ ቢሆን ይሻላል። በሁለተኛው መልኩ ግን የከተማው ክርክር ይበረታል። በሚኒሶታም በኦሃዮም አንድ ባለ ሱቅ በደጁ ምልክት ሰቅሎ መሣሪያ አይግባብኝ ለማለት ሕግ ይፈቅድለታል። ቡና የሚሸጥ ነጋዴ በገዛ ቤቱ ያለው ሥልጣን፥ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት የሕፃናት መጫወቻ ባደረገው ስፍራ እንዴት ይታጣል? መንገደኛውንም ወጥመድ ውስጥ አይጥለውም፤ በበሩ የተሰቀለ ምልክት ለሁሉ ይታያልና። እንግዲህ የክላይድ ከተማ በፍርድ ብትረታም፥ ሕግ አውጭዎች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ትታ ሄዳለች።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን በፍሎሪዳ የሆነው ነው። የፍሎሪዳ ምክር ቤት የ1987ቱን ክልከላ በ2011 በቅጣት አጠነከረው። ስለ መሣሪያ የከተማ ደንብ ዐውቆ ያወጣ ሹም ከገዛ ኪሱ እስከ 5,000 ዶላር ይቀጣል፤ ገዥው ከሹመቱ ሊሽረው ይችላል፤ ለመከራከሪያው የሕዝብ ገንዘብ አይወጣለትም፤ ከተማውም ለከሳሹ እስከ 100,000 ዶላር ካሣ ሊከፍል ይችላል። ይህ ቅጣት ሸሽጎ መታጠቅን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በመሣሪያና በጥይት ላይ የሚወጣውን ደንብ ሁሉ ያጠቃልላል።

በ2018 የካቲት 14 ቀን በዚያው ግዛት በፓርክላንድ ከተማ አንድ ወጣት ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ 17 ሰዎች ገደለ። ወላጆች ወደ ከተማ ምክር ቤቶቻቸው ሄደው አንድ ነገር አድርጉ አሉ። የምክር ቤቱ አባሎች ግን ስለ ነገሩ ደንብ ለማውጣት እጃቸውን ቢያነሡ የሚያገኛቸውን ያውቁ ነበር። ስለዚህ በጎረቤቲቱ በዌስተን ከተማ መሪነት ሠላሳ ያህል ከተሞችና ሦስት አውራጃዎች ከብዙ ሹማምንት ጋራ ሆነው፥ ክልከላውን ተቀብለው ቅጣቱ ብቻ እንዲፈርስላቸው ከሰሱ። በ2019 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በ2021 የይግባኙ ፍርድ ቤት ገለበጠው፤ በ2023 ጥር ወር የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ግዛቱ ያለ ፈቃድ ሽጕጥ ሸሽጎ መያዝን ፈቀደ።

ዳኞቹ የፈረዱት በተጻፈው ሕግ ነው፤ ፍርዳቸውም ሊከበር ይገባል። ሕጉን ስለ ጻፉት ግን መናገር ይቻላል። የከተማ ደንብ ከግዛት ሕግ ጋራ ቢጋጭ ዳኛ ያፈርሰዋል፤ ያ ይበቃ ነበር። ደንቡን ያወጣውን ሰው በኪሱና በሹመቱ መቅጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ድንበሩ በሁሉ ዘንድ ግልጥ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ያን ያህል ባልከበደ ነበር። ነገር ግን የሕግ ድንበር ብዙ ጊዜ ግልጥ አይደለም፤ በኦሃዮ ሰባት ዳኞች ተቀምጠው አራትና ሦስት ሆነው እንደ ተለያዩ ታይቷል። ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ድንበር አንድ የከተማ ሹም ቢስት ከቤቱ ገንዘብ ይክፈል ማለት፥ ሹሙ ወደ ድንበሩ እንዳይቀርብ ብቻ ሳይሆን የተፈቀደለትንም እርሻ ትቶ እንዲሸሽ ማድረግ ነው። የፈራ ሹም ሕዝቡን አያገለግልም፤ ራሱን ይጠብቃል እንጂ። አፉን ያስያዙት መካሪም በመከራ ቀን ቢጠሩት አይናገርም።

በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። ክሊቭላንድ በቅሎዋን አጣች፤ ነገር ግን ተሰምታ፥ ተከራክራ፥ ምክንያቱ በጽሑፍ ተነግሯት ነው ያጣችው። ስለዚህ ቅሬታ ቢኖራትም በደል አልሆነባትም። የፍሎሪዳ ሹማምንት ግን ጭብጦዋንም ከመንካታቸው በፊት እጃቸው ታስሯል። የሁለቱ ልዩነት ታናሽ የሚመስለው ሰው ካለ፥ ተከራክሮ የተረታ ሰውና እንዳይከራከር የተከለከለ ሰው በምሽት ወደ ቤታቸው ሲገቡ ምን እንደሚያስቡ ያስተውል።

ከዚህ ታሪክ ለሕግ አውጭም ለአስፈጻሚም የሚሆን አራት ምክር ይገኛል። መጀመሪያ፥ ሕግ በራሱ ስም ይውጣ፤ በሌላ ሕግ ጀርባ ታዝሎ የገባ ሕግ፥ ነገሩ ደግ እንኳ ቢሆን፥ እንደ ሌባ ይቈጠራል፤ ሚኒሶታ ይህን አስተምሯል። ሁለተኛ፥ ትእዛዝ ከነስንቁ ይውረድ፤ ሚዙሪ ይህን አስተምሯል። ሦስተኛ፥ የመንገድ ሕግ አንድ ይሁን፥ የቤትን ደጅ ግን ባለቤቱ ይጠብቅ፤ ከኦሃዮ ክርክር የሚገኘው ይህ ነው። አራተኛ፥ በሕግ ጥርጥር የገባው ሹም ዳኛን መጠየቅ እንጂ ቅጣትን መፍራት አይልመድ፤ ፍሎሪዳ ይህን የሚያስተምረው በተቃራኒው ነው።

ከአራቱም በላይ አንድ ነገር ይቀራል። ከሚኒያፖሊስ እስከ ፊላዴልፊያ ከተከራከሩት ከተሞች ታላላቆቹ ፖሊስ ነበራቸው፤ የፖሊሶቻቸውም ቍጥር በመቶና በሺሕ ይቈጠራል። የገዛ ግዛታቸው ሕግ እንደ በደል ሲታያቸው አንዳቸውም በእነዚህ ፖሊሶች አልተመኩም፤ ጠበቃ ልከው፥ ማመልከቻ ጽፈው፥ ቀን እስኪቈረጥላቸው ድረስ ጠበቁ እንጂ። ክርክሩ ስለ መሣሪያ ነበረ፤ የተካሄደው ግን በቃልና በወረቀት ብቻ ነው። በአገራችን ያለ መሣሪያ የቆመ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ» ባለ ጊዜ የታጠቀው ሰው ከመንገዱ ይቆም ነበር። ያ ቃል የሚጸናው የሚጠራው ሕግ በግልጥ የወጣ፥ ሁሉንም የሚሰማ፥ የጠየቀውንም የማይቀጣ በሆነ ጊዜ ነው። ሕግ እንደዚህ ሆኖ ሲገኝ የተረታውም ወገን ይገዛለታል፤ እንደዚህ ካልሆነ ግን የረታው እንኳ በሰላም አያድርበትም።